ከሣሩ ሥር ምን ይነጠፍ

በእኛ ሸለቆ የቤት ጣሪያ ሣር ያበቅላል። በረዶው ሄዶ ፀሐይ ስትሞቅ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ የሰው ፍየል በጓሮ ካለው ኮረብታ ዘላ ጣሪያ ላይ ስትግጥ ትገኛለች። ዝናቡን የሚያግደው ሣሩ የሚመስለው ሰው አለ። ሣሩ ክብደትና ሙቀት ነው እንጂ ውኃ አይመልስም። ውኃውን የሚመልሰው ከሣሩ ሥር፣ ከሳንቃው በላይ የተነጠፈው ነገር ነው። እሱን ማንም አያየውም፤ ቤት ማፍሰስ እስኪጀምር ድረስም ማንም አያስበውም።

ጉንቮርም አስባው አታውቅም ነበር።

ጉንቮር የወተት መኪና ሾፌር ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከላይኛው እርሻ ጀምራ እስከ ሐይቁ ድረስ ከየደጁ ወተት እየሰበሰበች ትወርዳለች። እጆቿ ትልልቅ፣ ንግግሯ ጥቂት ነው። ሸለቆው ሁሉ የሚያውቃት ግን በእንቅልፏ ነው። የትም ትተኛለች። መኪናዋን ጥግ አስይዛ ግንባሯን መሪው ላይ ታስደግፍና፣ በአንዱ ደጅና በሚቀጥለው ደጅ መካከል አንድ ሙሉ ሕልም አይታ ትነሣለች። ሕልሟም እንደ ሌላው ሰው የተቆራረጠ አልነበረም። መንገድ ነበረው፣ አየር ነበረው፣ የሚበላ ነገር ሳይቀር ነበረው። ጠዋት ባሏ ኦኑንድ ስስ ቂጣውን በቡናማ አይብ እየጠቀለለ «እሺ፣ ዛሬ ደግሞ የት ሄደሽ አደርሽ?» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች። አንዳንዴ ላሞች ሐይቁ ላይ በእግራቸው ሲሻገሩ ታያለች፤ አንዳንዴ የሞተችው እናቷ ከባቡር መስኮት አንገቷን አውጥታ የሹራብ ክር ትጠይቃታለች። ኦኑንድ ራሱ ሕልም አያይም ነበር። የእሷ ይበቃው ነበር።

ኦኑንድ የሞተው በእህቱ በአስላውግ ጫካ፣ በርች በሚባሉት ነጭ ግንድ ያላቸው ዛፎች መካከል ነው። በረዶው ሊቀልጥ ሲል አንድ ዛፍ ሊቆርጥላት ወጣ፤ ዛፉ ሲወድቅ ተጠማዘዘና አገኘው። ቀድማ የደረሰችው አስላውግ ናት። ቀብሩ ላይ ሁለቱ ሴቶች በሣጥኑ ግራና ቀኝ ቆሙ፣ ተጨባበጡ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ። ድሮ ጉንቮር በአስላውግ ደጅ ሳትቀመጥ ያለፈችበት ቀን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ወተቷን ትጭናለች፣ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ታነሣላታለች፤ ሞተሩን ሳታጠፋ ትሄዳለች። ጠብ አልነበረም። ጠብ ቢሆን ኖሮ አንዱ መሃል ገብቶ ያስታርቃቸው ነበር።

ቤቱ ማፍሰስ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጠብታ የወደቀው አልጋው ላይ፣ በኦኑንድ በኩል፣ ትራሱ መካከል ነበር። ጉንቮር ተነሥታ ጎድጓዳ ሳህን ትራሱ ላይ አስቀመጠችና ተመልሳ ተኛች። ጠብታው ሳህኑን ሲመታ በእንቅልፏ ውስጥ ኮቴ ሆነ። ኦኑንድ ጣሪያው ላይ ነበር። ሸሚዙን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ በረጅሙ ማጭድ የጣሪያውን ሣር ያጭዳል። ሣሩ እስከ ወገቡ ይደርሳል። ጣሪያው ከቤቱ በላይ ሰፍቷል፤ ጫፉ ሳይታይ እስከ ተራራው ድረስ እየተወዛወዘ ይሄዳል።

«ውረድ እንጂ» አለችው ከታች።

«ገና አልጨረስኩም» አላት።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር መጣ። ማጭዱን ሲስል ትሰማዋለች፣ የታጨደው ሣር በክፈፉ በኩል እየተንሸራተተ መስኮቷ ላይ ሲወርድ ታያለች፣ ስትነቃም ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ነው። ደመና ሲከብድ ደስ ይላት ጀመር። በሳህኑ ላይ ሌላ ሳህን፣ በዚያም ላይ ባልዲ ተጨመረ። ሳንቃው ጠቆረ፣ ግድግዳው ሻጋታ አወጣ። ጉንቮር ለማንም አልተናገረችም። ጣሪያው ቢሠራ ኦኑንድ የት ይሄዳል?

ነገሩን የደረሰበት ወንድሟ ታርያይ ነው። ታርያይ ጡረታ የወጣ አናጺ ነው፤ ሐይቁ ዳር ይኖራል። እሷ የማትናገረውን ሁሉ እሱ ይናገርላታል እንባባል ነበር። ለፋሲካ ሊጠይቃት መጥቶ ገና ጠረጴዛ ከመቅረቡ አንድ ጠብታ ኮሌታው ውስጥ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውኃ።»

«ውኃ መሆኑንማ አንገቴ ነገረኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

መሰላል አቁሞ ወጣ። አካፋውን ሰክቶ አንድ የሣር ጓል ገለበጠ። ከሥሩ ያለው የበርች ቅርፊት በኦኑንድ አያት ዘመን የተነጠፈ ነው። አብዛኛው ቦታ ላይ ገና እንደ ቆዳ ለስላሳ ነበር። ከአልጋው በላይ ግን ወፍ የጣለችው ፍሬ በቅሎ ቁጥቋጦ ሆኗል፤ ሥሩ ንጣፉን በጣጥሶ ሳንቃው ድረስ ወርዷል። ታርያይ እዚያ ጋ ያለውን ቅርፊት በመዳፉ ሲያሸው እንደ ትምባሆ ተፈረፈረ።

«መጠገን አይበቃውም» አለ ወርዶ እጁን እያራገፈ። «ሁሉም ይነሣና እንደ አዲስ ይነጠፋል።»

በሌላ ጊዜ ሲመጣ መኪናው ላይ አንድ ትልቅ ጥቅል ጭኖ ነበር። ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ሁሉ ጉብጉብ ያለ። ያኔ በእኛ ሸለቆ ገና አዲስ ነገር ነበር። በመጀመሪያ ካትራም የጠጣ ወፍራም ወረቀት ሳንቃው ላይ ይነጠፋል፣ ፕላስቲኩ በእሱ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ ሣሩ።

«ይሄን ሥር አይበሳውም» አለ ታርያይ ጥቅሉን በእግሩ እየገፋ። «አይበሰብስም፣ አይሻግትም። ውኃው በጉብጉቡ መሃል መሃል እየሄደ በክፈፉ በኩል ይወርዳል። እኔና አንቺ ብቻችንን እንጨርሰዋለን። ማንንም አትለምኚም።»

«ቅርፊትስ?»

«ቅርፊት ለሙዚየም ነው።»

«ኦኑንድ ቅርፊት ይሻላል ይል ነበር።»

«ኦኑንድ ጣሪያ ሠርቶ አያውቅም። ተሠርቶ ነው ያገኘው።»

 የጉንቮር ዝምታ እሺ ማለት እንዳልሆነ ታርያይ ከልጅነቱ ያውቃል። «እንግዲያውስ እንሞክረው» አለ።

እኔ ጎረቤቷ በዚያ ሳልፍ ግቢው ውስጥ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። እንደ ጣሪያ ያዘነበሉ ሁለት የሳንቃ መደቦች በድንጋይ ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ ላይ ፕላስቲኩ፣ ሌላው ላይ ከአሮጌው ጣሪያ የተነሣ ደህና ቅርፊት ተነጥፎ፣ በሁለቱም ላይ ሣር ተጭኗል። ጉንቮር የበግ ቆዳ አንጥፋ በመጀመሪያው ሥር በጀርባዋ ተኝታለች፤ የሚታየው ቦት ጫማዋ ብቻ ነው። ታርያይ ወንበር ላይ ቆሞ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ይዟል።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኩ።

«እሷ ጣሪያ እየመረጠች ነው» አለ። «ዝናቡ እኔ ነኝ።»

አፈሰሰ። ጠበቀ። «ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

«እሱ ነው ጥቅሙ።»

ጉንቮር ተነሥታ ቆዳዋን እየጎተተች ወደ ሁለተኛው ሥር ገባች። ታርያይ ማጠጫውን ሞልቶ እንደገና አፈሰሰ። ከሥር ምንም ድምፅ አልመጣም። ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ ዓይኖቿ ተከድነዋል፣ ፊቷ ለብዙ ጊዜ አይቼው በማላውቀው ዓይነት ዘና ብሏል።

«ተኛች እንዴ?» አለ ታርያይ።

«ዝም በል» አለች። «እየሰማሁ ነው።»

ምን እንደሰማች በኋላ ጠይቄአት ነበር። በረት ውስጥ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ አንድ ትልቅ ከብት ጋደም ብሎ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ነው አለችኝ። ድምፁ ሩቅ ነው፣ ሙቀቱ ግን እዚያው አጠገብ ነው። እሱን እየሰማች ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ እየሄደች ሳለ ድንገት ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች። ውኃ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ታርያይ ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ንጣፍ ብቻ ነዋ» አለች ጆሮዋን እያራገፈች። «ቅርፊት ስድስት ሰባት ጊዜ ተደራርቦ ነው የሚነጠፈው።»

«ልክ ነሽ። ታዲያ ለዚህ ሁሉ ቤት የሚሆን ከየት ይመጣል? ቀጥ ያለ፣ ወፍራም በርች የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው።»

ቦታውን አልጠራውም። መጥራትም አላስፈለገውም። ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደና ማጠጫውን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ።

ጥቅሉ ግቢው ውስጥ ቀረ። ጉንቮር እምቢም እሺም አላለችም። ወተት ትሰበስባለች፣ ተመልሳ ትተኛለች፣ ሳህኖቹን ትደፋለች። በኋላ እንዳጫወተችኝ፣ ከታርያይ ንግግር ሁሉ ውስጧ የቀረው «ማንንም አትለምኚም» ያለው ነው። እሱ ለማጽናናት ነበር ያለው። እሷ ግን ጥቅሉን በመስኮት ባየችው ቁጥር፣ በዚያ ጥቁር ነገር ሥር የሚኖረው ማንንም የማይለምን፣ ማንም የማይለምነው ሰው እየመሰላት ሄደ። አንድ ጠዋት ዝናብ እየዘነበ ተኝታ ኦኑንድን ጣሪያው ላይ አየችው። ሣሩ እንደወትሮው አላለቀም። እሱ ግን ደክሞት ማጭዱን ተደግፎ ቆሟል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል።

«ውረድ» አለችው።

«መሰላሉ የት አለ?» አላት።

ይህን ሕልም የምትነግረው ሰው አልነበራትም። መኪናዋን አስነሥታ ወጣች።

ጊዜው ፀሐይ እምብዛም የማትጠልቅበት ወር ነበር። የበርች ቅርፊት ከግንዱ የሚላቀቀው ያኔ ነው፤ የዛፉ ፈሳሽ ወደ ላይ ሲወጣ፤ ሲያልፍበት እንደገና ይጣበቃል። ጉንቮር አስላውግ ደጅ ስትደርስ ሞተሩን አጠፋች። አስላውግ ጸጥታውን ሰምታ ነው የወጣችው፤ እጇ በሳሙና ውኃ እንደረጠበ።

«መኪናው ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

«ወተቱ እዚያው በር ላይ አለልሽ።»

«ለወተት አይደለም የቆምኩት። ቅርፊት ፈልጌ ነው።»

አስላውግ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ከደረቀም በኋላ መጥረጓን አልተወችም። «ምን ያህል?»

«ለጣሪያ የሚሆን።»

ሁለቱም ወደ ዳገቱ አዩ። ነጭ ግንዶቹ እስከ ላይ ድረስ ቆመዋል፤ ቅጠሉ ገና አዲስ ስለሆነ ብርሃኑ በውስጡ እያለፈ ይወርዳል።

«ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያ አንድ ጭራሮ ለቅሜ አላውቅም» አለች አስላውግ።

«እኔም ረግጬው አላውቅም።»

«ቢላዋ ይዘሻል?»

«ሁለት።»

ወተቱን ሐይቁ ዳር አድርሳ ተመለሰችና ወጡ። የቢላዋውን ጫፍ ብቻ ነው የሚያስገቡት። ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ሲሰመር ቅርፊቱ ቀስ ብሎ በራሱ ይከፈታል፤ ትንሽ ድምፅም አለው፣ እርጥብ ጨርቅ ከድንጋይ ላይ ሲነሣ የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ በጣት ዙሪያውን እየገፉ ሲሄዱ እንደ ኮት ይወልቃል። ከሥሩ ያለው ግንድ ያበራል፣ ይቀዘቅዛል፣ የጣፈጠ ውኃ ይሸታል። ቢላዋው ጠልቆ ካልገባ ዛፉ ይኖራል። ጉንቮር እጇ ቶሎ ለመደው፤ ወደ ላይ ወደ ላይ እየሄዱ ሳለ አስላውግ ቆመች።

«እዚህ ነው።»

ጉንቮር በልቧ የያዘችው ቦታ ጥቁር ነበር። በሕልሟ እንኳ ልትቀርበው ያልደፈረችው ቦታ። አሁን የቆመችበት ግን ፈርን የሚባለው ላባ መሳይ ቅጠል የሞላበት ትንሽ ሜዳ ነው። ጉቶው የዛፍ ሽበት አብቅሏል፤ ከጎኑ የእሷን ቁመት ያህል ቀጫጭን በርቾች ወጥተው ቅጠላቸው ይንቀጠቀጣል። ተቀመጡ።

«ይቆረጥ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች አስላውግ። «መስኮቴን ጋረደኝ ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱው። ጠዋት ሲወጣ። አስላውግ ብርሃን ትፈልጋለች ብሎኝ ነው የወጣው።»

አስላውግ ወደ እሷ ዞረች። «ይህን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ዝም ያልሽውማ አንቺ ነሽ።»

«እኔማ አንቺን እየጠበቅኩ ነው።»

«እኔም መኪና ውስጥ ሆኜ አንቺን።»

ሁለቱም ሊስቁ ነበር፤ አስላውግ ግን ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት። ጉንቮር ትልቁን እጇን ጀርባዋ ላይ አደረገች፣ እስኪወጣላት ድረስም አላነሣችውም። ከዚያ የጣሪያውን ሕልም ነገረቻት። ማጭዱን፣ ሣሩን፣ መሰላሉን። አስላውግ እየሰማች አፍንጫዋን ጠረገችና «ወንድሜ እንኳን ጣሪያ፣ የግቢውንም ሣር ሳይለመን አጭዶ አያውቅም» አለች።

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲከብድ ጉንቮር በተላጠው ቅርፊት ክምር ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ኦኑንድ ከመኪናዋ መወጣጫ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማጭድ አልያዘም። እግሮቹን ዘርግቶ ቂጣውን ይበላል፣ ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ ያራግፋል። ምንም አልተባባሉም። በዙሪያቸው ነጭ ነበር፤ በረዶ ይሁን ግንድ ይሁን አልለየችውም፣ ግን አይበርድም። ስትነቃ አስላውግ አጠገቧ ተቀምጣ በቅጠል ትንኙን ታባርርላታለች።

«አንኮራፋሽ» አለቻት።

«ብዙ?»

«ወፎቹ ሄዱ።»

እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ በየቀኑ ወጡ። ቅርፊቱ እንዳይጠቀለል አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደሩ በድንጋይ ተጫኑት። ታርያይ ሊያይ መጣና ክምሩን በዓይኑ ለካው፤ አንገቱን ነቀነቀ።

«ለግማሹ ነው የሚበቃው።»

«በመጪው ዓመት እንጨምራለን» አለች አስላውግ።

«እስከዚያ በግማሽ ጣሪያ ልትኖር ነው?»

ተከራከሩ። ታርያይ ፕላስቲኩን አለ፣ አስላውግ ቅርፊቱን። ጉንቮር ቤቱን እየዞረች ስታይ ቆየች። በመጨረሻ በሰሜን በኩል፣ በረዶ ቆይቶ በሚሄድበትና እርጥበቱ በማይደርቅበት ፊት፣ ታርያይ ካትራም ወረቀቱንና ፕላስቲኩን እንዲያነጥፍ፣ በደቡብ በኩል፣ አልጋዋ ባለበት፣ ቅርፊቱ እንዲሆን ወሰነች። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ አሁን ዝም በሉ» አለቻቸው። ከአፏ እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ሲወጣ ታርያይ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱን ምሎ ይናገራል።

በሥራው ቀን ጎረቤት ሁሉ መጣ። አሮጌውን አራገፍን፣ የበሰበሰውን ሳንቃ ቀየርን። ታርያይ በሰሜን በኩል ብቻውን እያፏጨ ፕላስቲኩን ዘረጋ። በደቡብ በኩል አስላውግ ቅርፊቱን ከክፈፉ ጀምራ ወደ ላይ እየደራረበች አነጠፈች፤ ነጩ ፊት ወደ ታች፣ ቡናማው ወደ ላይ። ሲጠቀለል ወደ ታች ታጥፎ ሳንቃውን እንዲያቅፍ ነው። ታርያይ በጣሪያው አናት ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ገለበጥሽው» አላት። «አንተ የራስህን ጎማ አንጥፍ» አለችው። እኛ ሣሩን በሸክም አወጣን፤ የመጀመሪያው ድርብ ሣሩ ወደ ታች፣ ሁለተኛው ወደ ላይ። ቀትር ላይ አስላውግ በጎመዘዘ የወተት ስልባቦት የተሠራ ገንፎ አቀረበች፤ ቅቤው በላዩ ተንሳፏል። ሁላችንም ጣሪያው ላይ ተቀምጠን በላን፤ ከሥራችን ሣሩ ገና ልቅ ነበር፣ ቤቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጀልባ ይመስል ነበር።

ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ደረቅ ሆነ። በሁለቱም በኩል። ኦኑንድ ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ላይ አልታየም። ጉንቮር ትፈራው የነበረው ይህንን ነበር፤ ሲሆን ግን እንደፈራችው አልሆነባትም። ሌላ ቦታ ያገኘችው ጀመር፤ በወተት መንገዱ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ አንዳንዴም የአስላውግ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲያጥብ። ይህንን ስትነግራት አስላውግ «አሁንስ በእውነት ሕልም ነው» ትላታለች።

ዓመታት አለፉ። ጉንቮር መኪናውን ለሌላ ሰው አስረከበች። የአስላውግ ጉልበት ደረጃ መውጣት እምቢ ሲላት ላሞቿን ሸጠችና ጉንቮር ቤት ገባች፤ የተሰጣት ክፍል በሰሜን በኩል፣ በታርያይ ፕላስቲክ ሥር ያለው ነው። ወደዚያ ቤት አሁን ብሄድ፣ በተለይ ዝናብ ባደረበት ጠዋት፣ ክርክሩ ገና በር ላይ ነው የሚቀበለኝ።

«ምንም ሳልሰማ ነው የነጋልኝ» ትላለች አስላውግ። «መዝነቡን እንኳን መስኮት ከፍቼ ነው ያመንኩት።»

«እኔማ አብሬው ነው ያደርኩት» ትላለች ጉንቮር፣ ገና ከእንቅልፏ ሙሉ በሙሉ ሳትመለስ፣ ጸጉሯ በአንድ በኩል ተጨፍልቆ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ምድጃው ታስጠጋና የት ሄዳ እንዳደረች ቀስ ብላ ትጀምራለች፤ አስላውግም ሰማሁ አልሰማሁ ሳትል ቂጣውን ትቆርሳለች።